በሩ የእርስዎ ነው

ሰንደርላንድ ከተማ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
መስኮት በሌለበት፣ ስልክ ነው የኔ ሰማይ።
ጆሮዬ ላይ ጭኜ፣ የፕላስቲክ ቀንበሬን፣
"ምን ልርዳዎት?" እላለሁ፣ ሸምድጄ ንግግሬን።

ከግሪምዝቢ ደወሉ። "ዶሪን ሃክስቢ ነኝ" አሉ፤
አርባ ዓመት ዓሣ ሲበልቱ፣ ጣቶቻቸው የዛሉ።

"ቅዳሜ ሌሊት ነው። ውጭ ያለው ሳጥኔ፣
ሲረገጥ ሰማሁት፤ የተመታ መሰለኝ ጎኔ።
በሩ ተገንጥሏል፣ መስታወቱ ረግፎ፣
ቆጣሪው ቆሟል፣ እንደ ሰካራም ግድግዳ ተደግፎ።
ጋዙ አይሸትም፣ ዘግተውታል። ቤቱ ግን ቀዝቅዟል፤
ውሻዬ ኮቴን ለብሶ፣ እግሬ ሥር ተጋድሟል።
ማን ነው የሚከፍለው? ቀጥታ ንገረኝ፤
አንተ ልጅ፣ በማለዳ፣ ዙሪያ ጥምጥም አትውሰደኝ።"

ገጽ ሰባት ከፈትኩ። ገጽ ሰባት እንዲህ ይላል፤
አንዷን የግድግዳ ቀዳዳ፣ ለሦስት ይከፍላል፦
ቧንቧው፣ መንገድ ቆፍሮ የቀበረው ድርጅት ሀብት፤
ቆጣሪው ደግሞ የኛ፣ የጋዝ ሻጮቹ ንብረት፤
ሳጥኑና በሩ ግን፣
ማንም ሳይነግራቸው፣
ማንም ሳያስፈርማቸው፣
የእርሳቸው።

"በሩ የእርስዎ ነው" አልኩ። ዝም አሉ ለአፍታ።
በሽቦው ውስጥ ተሰማኝ፣ የባሕር ወፍ ጫጫታ።

"አንዴ ባሌ ሌን ቀባው፣ ከጀልባ በተረፈ ቀለም፤
መቀባት ባለቤት ያደርጋል፣ ብሎ የነገረን የለም።
ጎጆው የኔ ከሆነ፣ ተከራዩ የናንተ፣
የሠላሳ ዓመት ኪራይ፣ ወዴት ሄደ አንተ?"

ሳቄን ዋጥኩ። ማሽኑ ሳቅንም ይቀዳል፤
አለቃዬ ከሻይ ጋር፣ ድምፄን ያዳምጣል።
ቀጠልኩ፦ "ያጠፋው ሰው፣ ስሙ ከታወቀ፣
ፖሊስ ቁጥር ከሰጠዎት፣ የእርስዎ ዕዳ አለቀ።"
(ይሄ ገጽ ስምንት ነው።)
"ያየው ሰው አለ ወይ?"

ረጅም ትንፋሽ። ወፎቹ።

"አይቼዋለሁ" አሉ፤ "አንድ ጫማው እኔ ጋ ቀርቷል፣
ከፊት ለፊት ነው ቤቱ፤ አሥራ አምስት ዓመቱ ሞልቷል።
እናቱም ታውቃለች፤ እሁድ ጧት መጥረጊያ ይዛ፣
ስብርባሪውን አፈሰችው፣ ቀና ሳትል፣ ፈዛ።
ቃል አልተለዋወጥንም። እሷም የናንተው ደንበኛ ናት፤
ቀይ ደብዳቤያችሁ ነው፣ በሯ ሥር የተነጠፈላት።"

"ታዲያ ስሙን?"

"አልነግርህም። ጫማውን መስኮት ላይ አድርቄያለሁ፤
መጥቶ ሲወስደው፣ ያኔ እኔው አናግረዋለሁ።"

ባለቤቱን ካልናቁ፣ አጥር መች ይነቀነቃል?
ባለቤቱ ሦስት ሲሆን፣ የቱ ነው የተናቀው? ማን ያውቃል?
የተናቀውን አላውቅም፤ የሚከፍለውን ግን አየሁ፤
"ሁለት መቶ አርባ ፓውንድ" የሚል መስመር ላይ ቆየሁ።
ከሥሩ ክፍት ቦታ፦ የጉዳቱ መንስኤ።
ጣቴ በራሱ ሄደ።
ብርቱ ንፋስ ነበር፣ ከሰሜን ባሕር የነፈሰ፣
ጫማ አጥልቆ መጥቶ፣ አንዱን ጥሎ የተመለሰ።

"ሐሙስ ሰው ይመጣል፤ ክፍያ የለብዎትም።
ንፋስ ነው።"
"ንፋስ?"
"ንፋስ።"
"ቅዳሜ ለት እኮ፣ ቅጠል አልተነቃነቀም"
አሉና ዘጉት።

ሐሙስ ሰው ሄደ። ዓርብ እኔ ተጠራሁ፤
የተቀዳ ድምፄን፣ ከአለቃዬ ጋር ሰማሁ።
"ንፋስ" ስል ድምፄ፣ ቅንጣት አልተርበተበተም፤
ደግሞ ብጠየቅም፣ ሌላ ቃል አልነበረኝም።
እሳቸው የሦስት ቀን ብርድ፣ እኔ የወር ጉርሻዬን፣
ከፈልነው ያን ዕዳ፤ ፈረምኩ ማስጠንቀቂያዬን።

ልጁስ፣
ጫማውን ወሰደ ወይ? ገጽ ሰባት ላይ የለም።
እኛ እንቀበላለን እንጂ፣ መደወል አይፈቀድም።